የኔታ ገደል አልገቡም

ይህ የሆነው ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ወር ነው። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ዛሬ የልጅ ልጆች አሉኝ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁም፤ ሌላውም እንዲረሳው አልፈልግም። አሁን ለመጻፍ የተነሣሁት የልጄ ልጅ ከትምህርት ቤት ይዛው በመጣችው ወሬ ተናድጄ ነው። ወሬውን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

አገሬ ከሮብ ገበያ አለፍ ብላ ያለች ትንሽ ደብር ናት። መምህራችን የኔታ አስረስ ይባሉ ነበር። ከሩቅ አገር በተማሪነት መጥተው የቀሩ፣ ሚስትም ልጅም ዘመድም የሌላቸው ሰው ናቸው። "ሴት ልጅ ትማራለች ወይ" ብሎ ሰው እየሳቀብኝ ፊደልና ዳዊት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ባሌ ጣሊያን በመጣበት ዓመት ዘምቶ ሳይመለስ ቀረና ወደ አባቴ ቤት ገባሁ። የየኔታ ዓይን ያን ጊዜ ደክሞ ነበር። አንድ ቀን አስጠርተው፣ "ትሁኔ፣ ትንንሾቹን አንቺ ያዢልኝ፤ እኔ ትልልቆቹን ልያዝ" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከወይራው ሥር ፊደል አስቆጥር ጀመር።

የዜማው መምህር መሪጌታ ሞላ ነገሩ አልጣማቸውም። ከየኔታ ጋር በልጅነታቸው አንድ ጎጆ ውስጥ የኖሩ፣ አንድ አኩፋዳ ይዘው የለመኑ ጓደኛቸው ናቸው።

"ሴት ፊደል ስታስቆጥር የት አይተሃል አስረስ?" አሏቸው፣ እኔ እየሰማሁ።

"ሀን እሷ ስትጠራው ሌላ ይሆናል እንዴ? ጠጋ ብለህ ስማት። ባልደረባዬ ናት" አሉ የኔታ።

ከዚያ ወዲያ መጠሪያዬ "ባልደረባዬ" ሆነ። በመኸር ወላጆች እህል ሲያመጡ የኔታ ከሁለት ይከፍሉና ግማሹን ወደ እኔ ይገፉታል። "ይበዛብኛል" ስላቸው፣ "የሠራ እጅ ይብላ" ይሉኛል። ፍርድ ምን እንደሆነ የተማርኩት ከዳኛ አይደለም፣ ከዚያ ቁና ነው።

ያን ቀን ከሮብ ገበያ እየተመለስን ነበር። የኔታ ወንዝ ወርደው ለተማሪዎቻቸው ብዕር የሚሆን መቃ ቆርጠዋል። እንዳይሰበር በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ አጋደሙት።

"ይስጡኝ የኔታ፣ እኔ ልያዝ።"

"አንቺ ልጆቹን ፊደል ስታሸክሚያቸው ትውያለሽ፤ ይቺን እንኳ ለእኔ ተዪልኝ" ብለው ሳቁ።

እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን። ሌሎች ገበያተኞች ራቅ ብለው ይከተሉናል። መንገዱ ሰፊ ሜዳ ያቋርጣል። ከሜዳው ዳር ካለው ጉብታ ላይ ባንዶች መሽገው ነበር። ጉብታውን አልፈን ጀርባችንን እንደሰጠን ሁለት ጊዜ ተተኮሰ።

የኔታ እንደ ተመታ ሰው አልወደቁም። እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አሉ። ሮጬ ስደርስ ራሳቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉ።

"መቃው ተሰበረ?" አሉኝ።

"አልተሰበረም የኔታ።"

ሌላ ቃል ሳይናገሩ አረፉ።

ባንዶቹ ወረዱ። አለቃቸው ከጎረቤታችን ደብር የተወለደ፣ አባቱን ሁላችንም የምናውቀው ሰው ነው። ጣሊያን ሹምባሽ የሚል ማዕረግ ሰጥቶት ነበርና ስሙን የሚጠራው አልነበረም። ነጠላውን ሲገልጠው መቃው ሜዳው ላይ ተበተነ።

"ጠመንጃ ነው አላልክም አንተ ደንቆሮ?" ብሎ በተኳሹ ላይ ጮኸ።

"ጌታዬ፣ ሲያዩት ጠመንጃ ይመስላል እኮ።"

ሹምባሹ መቃውን በእግሩ ገፋ አደረገው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። ገበያተኞቹም ደርሰው ቆመው ነበር።

"ስሙኝ" አለ። "መምህር ተገደለ ከተባለ አገሩ ሁሉ ጫካ ይገባል። ጣሊያኑም እኔን ይሰቅለኛል። ስለዚህ የኔታ ገደል ገብተው ነው የሞቱት። የለም፣ በጥይት ነው የሚል ካለ፣ እንግዲያው ሽፍታ ነበሩ ማለት ነው። ሽፍታ ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም። የሽፍታ መንደርም ይቃጠላል። ምረጡ።"

ተመረጠ። ገደሉ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ከገበያ የሚመለስ ሰው በዚያ አያልፍም። ቢሆንም መሪጌታ ሞላ ለሕዝቡ፣ "ወንድማችን እግራቸው ከድቷቸው ገደል ገቡ" ብለው ተናገሩ። የኔታ ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎላቸው፣ በክብር ተቀበሩ። እስከዚህ ድረስ ያለውን አልወቅስም። ፍትሐት ይገባቸው ነበርና ለመቃብራቸው ስል እኔም ዝም አልኩ።

በእኛ አገር በሠልስቱ የሟቹ ዕቃ ለቅሶው ሜዳ ላይ ይወጣል። ልብሱን ከፍ አድርጎ የሚያሳየው የቅርብ ዘመድ ነው። መሪጌታ ሞላ የየኔታን ኩታ በዋዜማው አምጥተው ሰጡኝ።

"ደሙን እጠቢው" አሉኝ። ሊወጡ ሲሉም ዞር ብለው፣ "ቀዳዳውንም ስፊው" አሉ።

ደሙን አጠብኩ። ቀዳዳውን አልሰፋሁም።

በሠልስቱ ሹምባሹ ራሱ መጣ። ወንበር ወጣለት። የየኔታ መቋሚያና ዳዊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አልቃሿ ገደሉን ትረግማለች፤ ሰው እየተቀበለ ገደሉን ይረግማል። ድንጋይ በተረገመ ቁጥር ሹምባሹ ከንፈሩን እየመጠጠ ራሱን ይነቀንቃል። በመቃ ሰበብ የሞቱትን ሰው እንዲህ በገደል ሲያለቅሱላቸው ደሜ ፈላ።

"ልብሱን የሚያነሣ ዘመድ አለ?" ተባለ።

ዘመድ የላቸውም። ባልደረባ ግን አላቸው። ተነሣሁና ኩታውን በሁለት እጄ ዘርግቼ ከፍ አደረግሁት። ፀሐይዋ ከኋላዬ ነበረች። ብርሃኑ በሁለቱ ቀዳዳዎች አልፎ ሰው ፊት ላይ አረፈ።

"ገደሉን ተዉት!" ብዬ ጮኽሁ። "ገደል እንዲህ አይበሳም!"

ለቅሶው ቀጥ አለ። የሹምባሹ እጅ ወደ ሽጉጡ ሄደ። ከገበያ አብረውን የተመለሱትን ሰዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። አንድ በአንድ መሬት መሬት አዩ።

ያን ጊዜ መሪጌታ ሞላ ቀስ ብለው መጡና ኩታውን ከእጄ ወሰዱት። እዚያው ፊቴ አጠፉት።

"ሐዘን አናግሯት ነው" አሉ ለሕዝቡ። "ብል የበላው ልብስ ነው። ደሀ መምህር አዲስ ከየት ያመጣል?" ወደ አልቃሿም ዞረው፣ "ቀጥዪ" አሏት።

ቀጠለች። ሰውም ቀጠለ። ገደሉን እንደገና ረገሙት።

አባቴ በዚያው ከሰዓት ቁይ ወዳለችው አክስቴ ሊልከኝ በቅሎ ጫነ። መሪጌታ ከደጃችን መጡ።

"ልጄ፣ ልብሱን ባልቀማሽ ኖሮ ዛሬ ከአስረስ አጠገብ ትቀበሪ ነበር" አሉኝ።

"እውነትዎን ነው። ነፍሴን አትርፈዋል። የወንድምዎን ሞት ግን ሰርቀዋል" አልኳቸው።

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እንባቸውን አይቼ አላዘንኩላቸውም፤ ዛሬም አላዝንም።

ጠላት ከወጣ በኋላ ወደ አገሬ ተመለስኩና በቀጥታ ወደ መሪጌታ ሄድኩ።

"አሁን ይናገሩ። ቅዳሴ ሲወጣ፣ ከአውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው።"

"ትሁኔ፣ ያ ሹምባሽ ዛሬ ጭቃ ሹም ነው። አርበኛ ነበርኩም ይላል። የዳነ ቁስል አይነካካም።"

"የማን ቁስል ነው የዳነው?" አልኩ። እውነቱን ሳይናገሩ ሞቱ። ኩታውን የት እንዳደረሱት አላውቅም። ሹምባሹም ሸምግሎ፣ በአልጋው ላይ ሞተ፤ ቄሶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ቀበሩት። ተዝካሩ ላይ አገር በላ። እኔ አልሄድኩም።

የልጅ ልጄ ይዛው የመጣችው ወሬ ይህ ነው። "እምዬ፣ ዛሬ አስተማሪያችን 'የኔታ ገደል' የሚባለውን አሳየን። ድሮ ዓይናቸው የደከመ አንድ መምህር መንገድ ስተው ወድቀውበት ነው አለን።"

ገደሉ ስም ወጥቶለታል! በመጽሐፍ ላይ የደከመው ዓይናቸውም ምክንያት ተደርጎባቸዋል። ውሸቱን ስንዋሸው ዓይን አልነበረበትም፤ ከእኛ በኋላ ነው ያበቀለው። አስተማሪው ምን ያድርግ፣ የነገሩትን ተናገረ። እኔ የምቆጣው ሞታቸውን በዓይናቸው ባዩት ሰዎች ላይ ነው።

ቤተሰቦቼ "አሁን ምን ይሆናል፣ ተዪው" ይሉኛል። አልተውም። እርጅና ሰውን ያበርዳል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔን አላበረደኝም።

በማግስቱ ጉልበቴ እየጮኸ ልጅቱን ይዤ ወደ ሜዳው ሄድኩ። "የኔታ የወደቁት እዚህ ነው። በጥይት፣ ከጀርባቸው" አልኳት። ዙሪያውን አየች። ሣርና የሚግጡ ከብቶች እንጂ ሌላ ነገር የለም።

"ይህስ ሜዳ ስሙ ማን ነው?" አለችኝ።

"ስም የለውም" አልኳት።