በአንድ ቀዳዳ የገቡ ሁለት ገመዶች

ካቩጎ የወንድሟን ሞት የሰማችው የካሳቫ ቅጠል ስትወቅጥ ነው። ጎረቤቷ ማሲካ አጥሩ ጋ ቆማ፣ «ካምባሌን በቆንጨራ ገደሉት» አለቻት። ካቩጎ ሙቀጫው ውስጥ የቀረውን ወቅጣ ጨረሰች። ከዚያ ተቀመጠች።

ካምባሌ ከቡቴምቦ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የደብር ሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሻን ነበር። ታጣቂ ሲመጣ ለመንደሮቹ ስልክ ማስጠንቀቂያ የሚልከው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ በእጁ ነው። ሁለት የኔትወርክ ካርድ ሰክቶበታል፤ እያንዳንዱ ካርድም ውጭ እስካለው አንቴና የሚሄድ የራሱ ገመድ አለው። አንዱ ሲሞት ሌላው ወዲያው ይረከባል። አንድ ጊዜ ጥይት አንደኛውን ካርድ በስቶት እንኳ መልእክቱ ሳይቋረጥ ደርሷል።

ያን ሰሞን ካቩጎ ታላቅ ወንድሟን፣ «ያያ፣ ሚስትም ሁለት አግባ፤ አንዷ ስታኮርፍ ሌላዋ ታበላሃለች» አለችው።

«በአንድ በር ከገቡ ምን ዋጋ አለው? ተያይዘው ነው የሚወጡት።»

ገመዶቹ ሁለቱም የገቡት በአንድ ቀዳዳ ነበር። ጣቢያው ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ የደብሩ ቄስ አባ ፓሉኩም ሁለተኛ ቀዳዳ አላስበሳም አሉ።

«አባ፣ አንድ ቦንብ ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል» አላቸው ካምባሌ።

«ምእመኑ በጭንቅላቱ ተሸክሞ ያመጣውን ጡብ ላስበሳው? ያለው አንድ ቀዳዳም ዝናብ እያስገባ አሳፍሮኛል።»

«ዝናቡ ይሻላል፣ አባ።»

«በል፣ ከፋሲካ በኋላ እናያለን።»

ታጣቂዎቹ ከፋሲካ በፊት መጡ። የጣቢያውን ዘበኛ ጥርስ በሰደፍ አረገፉት፤ የወጥ ቤቱን ጣራ አነደዱት። የተኮሱት ቦንብ ቀዳዳው ላይ አረፈ፤ ጡቡም ገመዱም አብሮ ተበታተነ። ወንዝ ማዶ ያለው መንደር ገና ምንም አልሰማም። ካምባሌ አዲስ ገመድ ትከሻው ላይ ጠቅልሎ በጓሮ መስኮት ወጣ፤ በቤተ ክርስቲያኑ መቃብሮች መሃል እየተሳበ እስከ አንቴናው ዘረጋው፤ ተመልሶም ካርዱ ላይ ሰካው። ማስጠንቀቂያው ሄደ።

ሌላ ገመድ ሲያነሳ ዘበኛው ከወንበር ሥር ሆኖ ደም በሞላው አፉ፣ «በቃ! አንዱ ይበቃል!» አለው።

«እሱስ ቢቆረጥ?»

ገመዱን ይዞ ዳግም ሲወጣ መስኮቱ ሥር ያዙት። መጀመሪያ እጁን ቆረጡ፤ ቀጥሎ አንገቱን።

የወንዝ ማዶው መንደር ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ጫካ ገብተው ተረፉ። ለቀብሩ ሙዝና ባቄላ ይዘው መጡ። አባ ፓሉኩ ካቩጎን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው።

«አስበሳዋለሁ፣ ልጄ» አሉ።

ምእመኑ የፈረሰውን ግድግዳ መልሶ ገንብቷል። ሰርቨሩ በአንድ ገመድ ይሠራል። ሁለተኛው ቀዳዳ እስከ ዛሬ አልተበሳም።