ዲስኩን ይያዙልኝ

ደንበኞቿ «ንቀል» ይሏታል። ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት፤ የሥራ ክፍሏ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለች፣ ሁለት ወንበር ከገባባት በር የማይዘጋላት ጠባብ ክፍል ናት። ሰው ማሽኑን ይዞ መጥቶ «አዲስ ሲስተም ጫኚልኝ» ሲላት፣ መጀመሪያ የምታነሳው ካቻቪቴዋን ነው። ክዳኑን ትፈታና ሲስተሙ ከሚጫንበት ዲስክ በቀር ሌላውን ሁሉ ነቅላ «ይያዙልኝ» ብላ ለባለቤቱ ታስታቅፈዋለች። ባለቤቱም ሥራው እስኪያልቅ ዲስኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ዳኛም ቢሆን፣ ዘበኛም ቢሆን ያው ነው።

«ስክሪኑ ላይ ከሚመጣው የዲስክ ዝርዝር አንዱን መምረጥ ብቻ አይደለም እንዴ?» ያላት ሰው ግን ጉዱ ፈላ። «ብቻ? እስቲ ና አንተው ምረጣ!» ብላ ካቻቪቴውን እጁ ላይ ታኖርለታለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሏታል ጎረቤቶቿ። እባቡ ራሷ መሆኗን አያውቁም።

ከስድስት ዓመት በፊት የታላቅ ወንድሟ ማሽን ላይ አዲስ ሲስተም የጫነችው እሷው ነበረች። ወንድሟ መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህር ነው። የምልክት ቃላቱን በገዛ እጁ እያሳየ፣ አንድ በአንድ በቪዲዮ እየቀረጸ፣ ለልጆቹ መዝገበ ቃላት ሊያደርግላቸው ዘጠኝ ዓመት ለፍቷል። ያን ቀን «ሁለቱ ዲስኮች መጠናቸው እኩል ነው፤ እንዳትሳሳቺ» ቢላት፣ «ደግሞ ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?» ብላ አፉን አስያዘችው። ጥጋብ! ክዳን ሳትከፍት፣ ገመድ ሳትነቅል፣ ከዝርዝሩ የላይኛውን መስመር መርጣ ቁልፉን ተጫነች፤ የዘጠኝ ዓመቱ ቪዲዮ ሁሉ ተደመሰሰ። ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት እሱ ቀድሞ «ምንም አይደለም» አላት። አንጀቷን ያሳረረው ይሄ ነው። ቢሰድባት፣ ቢያባርራት ይሻላት ነበር። ዘመድ ሁሉ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብሎ ነገሩን ዘጋው፤ ይቅርታዋም ሳይነገር ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሲገናኙ ይሳሳማሉ፣ ጤና ይጠያየቃሉ። ማሽኑን ግን ለሌላ ጠጋኝ ነበር የሚወስደው።

ያ ጠጋኝ ሱቁን ዘጋ። እናም አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወንድሟ ማሽኑን ታቅፎ ደረጃው ሥር ብቅ አለ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሁለት እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

«ቀርፋፋ ሆነብኝ። አዲስ ሲስተም ጫኚልኝ።»

መዝገበ ቃላቱን እንደገና ከ«ሀ» መጀመሩን ሰምታ ነበር። ማሽኑን ስታበራው ሁለት ዲስኮች አየች፤ መጠናቸው እኩል። ደሟ ፈላ።

«ጋሼ፣ አሁንም እኩል ገዛህ? ሌላ መጠን ጠፍቶ ነው?»

«ያው የተገኘውን ነው። በቃ የላይኛውን ምረጪው፤ አምንሻለሁ።»

«አትመነኝ!» ጠረጴዛውን ስትመታው ካቻቪቴው ነጥሮ ወደቀ። «ሰው እንዴት ሁለት ጊዜ ያምናል? ሞኝ ነህ?»

ቪዲዮዎቹ የትኛው ውስጥ እንዳሉ አየች። ማሽኑን አጠፋች፣ ክዳኑን ፈታች፣ ስክሪኑ ላይ ያየችውን መለያ ቁጥር ዲስኩ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ጋር አመሳክራ ነቀለችው።

«ያዝልኝ።»

«ጠረጴዛው ላይ አድርጊው» አላት። እጁ ከኪሱ አልወጣም።

«እኔ ጋ ደንብ ነው። ያዝ!»

«አልይዝም አልኩሽ።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣኸኝም! በጨዋነትህ ነው የገደልከኝ! አሁን ደግሞ ዲስክ መያዝ ከበደህ?» ስትጮህ ደረጃውን የሚወጡ ሰዎች ቆም አሉ።

ወንድሟ እጆቹን ከኪሱ አወጣ። ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ።

«ይኸው! በእነዚህ ልያዝልሽ?» ሲጮህ ሰምታው አታውቅም። «ያጠፋሽብኝ እጄ ሳይታመም የቀረጽኩትን ነው! ዛሬ አንዱን ቃል ሃያ ጊዜ ነው የምቀርጸው፤ ያም ሆኖ ልጆቹ ግር ይላቸዋል። እንዳትሳሳቺ ብዬሽ ነበር! ብዬሽ ነበር እኮ!»

ንቀል ወንበር ስባ አስቀመጠችው። ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ ጭኑ ላይ አነጠፈች፣ ዲስኩን መሃሉ ላይ አኖረች፣ እጆቹንም አንስታ ከላይ ጫነችበት።

«ቢወድቅም ሻርፑ ላይ ነው» አለችው።

ወደ ማሽኑ ተመለሰች። ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ብቻ ቀርቷል፤ የሚመረጥ ነገር የለም። ጣቷ ግን ቁልፉ ላይ ቆመ። ከኋላዋ የወንድሟ ቀለበት ዲስኩን ሲያንኳኳ ይሰማታል።

«ጋሼ፣» አለች ፊቷን ሳታዞር፣ «ይቅር በለኝ። ያኔ ልልህ ነበር።»

ቀለበቱ ማንኳኳቱን ቀጠለ።

«መጀመሪያ ሥራሽን ጨርሺ» አላት፤ ንዴቱ ገና አልበረደም።

«ምንም አይደለም» ግን አላላትም። ንቀል እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ቁልፉን ተጫነች።