የጃፓን ስልክ በውርጌሳ

ወልድያ፣ ዓርብ ንጋት

ከቤት የወጣነው ሰማዩ ገና ሳይለይለት ነው። በቆቦ በኩል ውጊያው ዳግም ከተጀመረ ወዲህ በወልድያ ስልክ የለም። ባለቤቴ ቤቱን ሊጠብቅ ቀርቷል። በሩ ላይ ቆሞ «እግዚአብሔር ይከተላችሁ» አለን።

መናኸሪያው በፍራሽና በጀሪካን ተሞልቷል። ሰው ሁሉ የሚወጣው ሸሽቶ ነው። እኔና ልጄ ወለላ የምንወጣው ግን ኔትወርክ ፍለጋ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ የጃፓን ትምህርት ቤት ይደውልላታል። በጃፓንኛ ያናግሯታል፤ ካለፈች እዚያው ሄዳ ትማራለች። ቀጠሮው የተያዘው ስልኩ ከመጥፋቱ በፊት ነበር። ዛሬ ካላገኟት ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

የወልድያ ልጅ ጃፓንኛ ከየት አመጣች የሚል አንባቢ ይኖራል። ከጦርነቱ በፊት ዩኪኮ የምትባል ጃፓናዊት የሒሳብ አስተማሪ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ ትኖር ነበር። ወለላ «ቋንቋሽን አስተምሪኝ» ስትላት ፊደል አላስቆጠረቻትም። በመጀመሪያ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ጫፉን ወደ ውጭ አዙራ እንድታስቀምጥ አሳየቻት። ቀጥሎ ሲኒ በሁለት እጅ መቀበልን፤ ከዚያም ከመብላት በፊት እጅን ገጥሞ ማመስገንን።

«መጀመሪያ ሰው እንዴት ይኖራል፣ እሱን እወቂ። ቃል በኋላ ይመጣል» ትላት ነበር በተሰባበረ አማርኛዋ።

እኔ ከጓዳ ሆኜ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። በሁለት እጅ መቀበልንና ለማዕድ ማመስገንን ወለላ ከኛም ቤት ታውቀዋለች። ዩኪኮ አገሯ ከተመለሰች በኋላም ልጄ በስልኳ ቀድታ ካስቀረችው ትምህርት ብቻዋን ቀጠለች። ይህንን ቀጠሮም ያስያዘችላት ዩኪኮ ናት። አምላክ ውለታዋን ይክፈላት።

ሲሪንቃ

ሚኒባሱ ከልኩ በላይ ጭኗል፤ ታሪፉም እጥፍ ሆኗል። ሾፌሩ ሰይድ የሚባል የውርጌሳ ልጅ ነው።

«እማማ፣ ደሴ ነዎት?»

«መርሳ። ኔትወርክ ካለ።»

«ለማን ሊደውሉ?»

«ለእሷ ነው የሚደወለው። ከጃፓን።»

ሰይድ በመስታወቱ ወደኛ አየ። «ወላሂ፣ እኛ ቆቦ ያለ ወንድማችንን ማግኘት አቅቶን እናንተ ጃፓንን ልታገኙ ነው?»

መኪናው ውስጥ ሳቅ ሆነ። ከተነሣን ጀምሮ የሳቀ አልነበረም።

«እስቲ በጃፓንኛ ሰላም በይኝ» አላት። ወለላ አፍራ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከወገቧ ጎንበስ አለች።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው የምትፈልጊ?»

«ሰላምታው ነው።»

«ኧረ ይቺማ የአያቴ ሰላምታ ናት!»

ከመስኮቱ ውጭ የሲሪንቃ እርሻ ምርምር ጣቢያ ማሳ ያልፋል። ማሽላው ልክ በልክ ተዘርቶ፣ በየመደቡ ትንሽ ሰሌዳ ተተክሎበት፣ ጤፉ አረንጓዴ ሆኖ። ምድሪቱ ጦርነት መኖሩን የሰማች አትመስልም። በተቃራኒው አቅጣጫ ወታደር የጫኑ መኪኖች ወደ ወልድያ ይወጣሉ። ልጆቹ ይዘፍናሉ። ሁሉም የወለላ እኩያ ናቸው። እያንዳንዱ መኪና ሲያልፍ አማትቤያለሁ።

መርሳ

መርሳ በሰው ተጨናንቃለች። ከሰሜን የመጣው ሰው በየበረንዳው ተቀምጧል። ፓፓያና ዘይቱን የሚሸጡት ሴቶች ግን እንደ ወትሮው መንገድ ዳር ደርድረዋል። አንዷን ስለ ስልኩ ጠየቅኋት።

«ጠዋት ነበረ እቴ፣ አሁን ሄዷል። ውርጌሳ ግን አለ እያሉ ነው።»

ወለላ ስልኳን ከፍ ዝቅ እያደረገች አየችና አንገቷን ነቀነቀች። ፀሐይዋ ወደ እኩለ ቀን እየተጠጋች ነው። ሰይድ አያት።

«አብሽሪ! ውርጌሳ አክስቴ ሻይ ቤት አላት። እዚያ አደርሳችኋለሁ።»

ውርጌሳ

አክስቱ ዘይነባ በኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ድምፀ ጎላ ያለች ሴት ናት። ሻይ ቤቷ በዋናው መንገድ ዳር ነው። ስልኩ እዚያ ሠራ። ተመስገን።

ሳንጠይቃት ገበታ አቀረበች። «ዓርብ ነው፣ ጾመኞች ናችሁ። ሽሮው በዘይት ነው፤ ድስቱም ቅቤ አያውቅም። አፈር ስሆን ብሉ።» እሷ ራሷ ለጁምዓ ልትዘጋጅ ነበር፤ እኛን ብላ ቆየች።

ስልኩ ጮኸ። ወለላ ብድግ ብላ አነሣችው፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ረጋ ብሎ ረዘም ያለ ነገር ይናገራል። ልጄ አንገቷን ደፍታ፣ አንዲት ቃል ሳይወጣት ታዳምጣለች። ሰውየው ቆም አለና «ሞሺ ሞሺ?» አለ፤ የእነሱ ሃሎ ነው። ልትመልስ አፏን ስትከፍት ስልኩ ተዘጋ።

እንደገና ደወለ። አሁንም ጀመረ፣ ቆም አለ፣ ጠራት፣ ዘጋ።

ወለላ ፊቷ አመድ መሰለ። «እማዬ፣ መስመሩ እኮ ደህና ነው። እየሰማሁት ነው የዘጋው።»

በልቤ እመቤቴን ጠራሁ። በዚህ መሐል የዘይነባ ስልክ ጮኸ። ደሴ ያለች ልጇ ናት።

«እ… እሺ… ኧረ?… አልሀምዱሊላህ… እ… እ…» አንዲት ትንፋሽ እንኳ በዝምታ አታሳልፍም።

ዘይነባን አየሁ፤ ከዚያ ልጄን አየሁ።

«ወለላ፣ ዩኪኮ ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ ምን ነበር የምትል?»

«ሃይ፣ ሃይ፣ ሃይ…» አለች፤ የእነሱ አዎ ነው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እንስቅባት ነበር።»

«አንቺ ግን ዝም አልሽው። እሱ መስመሩ የተቋረጠ መሰለው።»

«ትልቅ ሰው እየተናገረ እንዴት አቋርጣለሁ?»

«አታቋርጪው። መስማትሽን ብቻ ንገሪው።»

በዩኪኮ ፊት ተቀምጣ ስትማር ዐይኗና አንገቷ ይናገሩላት ነበር። በስልክ ግን አንገት አይታይም። ወለላን ሳሳድጋት ታላቅ ሲናገር ዝም ብለሽ ስሚ ነው ያልኋት። እኛ ዘንድ አክብሮት ነው። እዚያ ማዶ ላለው ሰው ግን ባዶ ቤት ማንኳኳት ሆነበት።

«ስደነግጥ እረሳዋለሁ» አለች።

«ጉልበትሽን እነካሻለሁ።»

ጠበቅን። ዘይነባ ሬዲዮኑን አጠፋች። ሻይ የሚጠጡትን ሰዎች «ዝም በሉ፣ ልጅቱ ፈተና ላይ ናት» ብላ ተቆጣች። ሰይድን ሞተሩን አስጠፋችው። ከዚያ መዳፎቿን ዘርግታ ዱዓ ያዘች። እኔም በበኩሌ ጸሎቴን ያዝኩ።

ስልኩ ጮኸ።

ሰውየው ጀመረ። የሚለው ቃል አይገባኝም። ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ግን ጆሮዬ ያዘው። በዚያች ቅጽበት ጉልበቷን ነካሁ። «ሃይ» አለች። ቀጠለ። ነካሁ። «ሃይ።» የሰውየው ድምፅ እየለዘበ ሄደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጄን ሳነሣ ልጄ ብቻዋን «ሃይ» ትል ነበር። ከዚያ ተራዋ ደርሶ ተናገረች፤ ብዙ ተናገረች። መሐል ላይ «ወልድያ» የሚል ሰማሁ።

በመጨረሻ ወደኔ ዞረች። «አጠገብሽ ማን አለ ብሎኝ እናቴ አልኩት። ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ ነሥቻታለሁ በያት ብሎኛል።»

ተነሣሁ። ነጠላዬን አስተካክዬ ጎንበስ አልኩ።

«ምነው እቴ፣ ለስልክ ነው እጅ የምትነሺው?» ዘይነባ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«እሱም ተነሥቷል» አልኳት።

ዕለቱኑ ልንመለስ አስበን ነበር፤ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ተዘጋና ዘይነባ ቤት ቀረን። ሰንብተን ወለላ ምን እንደጠየቋት ነገረችኝ። አገርሽ በጦርነት ላይ ሆኖ ስለ ምን የሰው ቋንቋ ትማሪያለሽ አሏት። «የሰውን ኑሮ ስማር የራሴንም ደግሜ አየዋለሁ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ይኼ ያስፈልገኛል» አለቻቸው። ይህን አላስተማርኋትም። ከየት እንዳገኘችው አላውቅም።

ወደ ቤት

ወልድያ ረግታለች ተብሎ ሰው መመለስ ሲጀምር እኛም ተነሣን። ዘይነባ ለቀናቱ ማረፊያ ምንም አልቀበልም ብላ ማለች። መንገድ ላይ እስክንወጣ ሸኘችን፤ ተቃቅፈን ተለያየን።

ያገኘነው አይሱዙ ነው፤ በጆንያ ላይ ተቀምጠናል። አጠገቤ የጉባ ላፍቶ ገበሬ የሆነች ሴት አለች። ልጇ ከዘመተ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም፤ እሷም ስልክ ፍለጋ ደሴ ድረስ ወርዳ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

መርሳ ስንደርስ የወለላ ስልክ መልእክት ተቀበለ። ከዩኪኮ ነው። ልጄ አነበበችና ክንዴን ጨበጠችኝ። «አልፌያለሁ» አለች፣ በሹክሹክታ። እልልታዬ ጉሮሮዬ ድረስ ወጣ። አጠገቤ ያለችውን ሴት አየሁና መልሼ ዋጥኩት። እንባዬን ግን መዋጥ አልቻልኩም።

ሴትዮዋ ደነገጠች። «ምን መርዶ ነው?»

«መርዶ አይደለም። ልጄ ተሳክቶላታል። ሩቅ አገር ልትማር ነው።»

«ታዲያ ከኔ ነው የምትደብቂው? ደስታ አይደለም ወይ!» አለች። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ እልል አለች፤ አንዴ፣ ደግማ፣ ሦስተኛም። መኪናው ላይ ያለው ሰው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ተቀበላት።

ወልድያ ስንወርድ የልጇን የክርስትና ስም ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ባለቤቴ ደህና ነው፤ ቤታችንም ቆሟል። ለምስጋና ስቆም ከወለላ ስም በፊት የዘማቹን ልጅ ስም ጠራሁ።