ከስም ኋላ የነበረችው አበባ

በዚያ ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል ውስጥ የነበርነው እኒህ ነን፦ የክፍሉ ኃላፊ አቶ ይርጋ፣ ሕፃናትን የምትመረምረው ሲስተር ዘሐራ፣ የክሊኒኩን ፕሮግራም ልትለውጥ የመጣችው ቤዛ፣ እኔ ጥሩወርቅ፣ በመስኮቱም በኩል ሐይቁ። ሐይቁን የምቆጥረው ከዚያ ክፍል ተለይቶን ስለማያውቅ ነው።

ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። በጽዳት ተቀጥሬ፣ ካርድ አውጪ ሆኜ፣ ኋላ ጽሕፈት ለምጄ መዝጋቢ ሆንሁ። ለዩኒኮድ ሥራ ግን ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

የድሮው ፕሮግራም የሚያውቀው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። አማርኛውን የምንጽፈው የእኔ ማሽን ላይ በተጫነ የፊደል ቅርፅ ነበር። እኔ ዘንድ በአማርኛ የሚነበብ ስም ሲስተር ዘንድ ሲከፈት ዶሮ የጫረው ይመስላል።

«ዩኒኮድ ምንድን ነው ልጄ?» አልኋት ቤዛን።

«ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፣ እትዬ። ‹ሀ› የትም ማሽን ቢሄድ ‹ሀ› ነው። የኦሮምኛውም የአገውኛውም ስም አብሮ ይገባል።»

«እንዳይጠፋ መታወቂያ ወጣለት በይኛ።»

«ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ዩኒቨርሲቲ ባልደከምሁ!» ብላ ሳቀች።

እሷ የተለወጠውን ስም ታነባለች፤ እኔ ከወረቀቱ ካርድ ጋር አመሳክራለሁ። በመጀመሪያ ከየስሙ ግማሹ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ሰው ያልገባባቸው ቤቶች መስኮት ይመስላሉ። ቤዛ የድሮውን ፊደል ከአዲሱ ቁጥር የምታዛምድበትን ሠንጠረዥ ስታርም አንዱ ሳጥን በራ፤ «ል» ሆነ። ቆይቶ ሌላው «ሽ» ሆነ። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከውሃው ተነስቶ ጣሪያችን ላይ ሲወዛወዝ ፊደሎቹም አብረው የሚንሳፈፉ መሰለኝ።

ወደ ቤቴ ወደ ዓባይ ማዶ ስመለስ፣ ባጃጁ ድልድዩ ላይ ሲደርስ፣ ስሞቹ በውሃው ላይ ተሰልፈው ሲያልፉ አያለሁ። ማንም እንዳይጎድልብኝ እቆጥራቸዋለሁ። ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ሦስት ጊዜ ዞሬ የማይ ሰው ነኝ፤ በሥራዬም እንዲሁ ነበርሁ።

አሁን አበባዋን ልናገር። ወደ እኛ የሚመጡት አራስ ልጆች ብዙዎቹ ገና ስም አልወጣላቸውም። ወንዱን «ማሙሽ»፣ ሴቷን «ሚጣ» ብለን፣ ቀጥሎ የእናቲቱን ስም እንጽፋለን። ሲስተር ዘሐራ ማዳመጫዋን የልጁ ደረት ላይ አድርጋ «የዚህ ልብ ያልተለመደ ድምፅ አለው፤ በወሩ ይመለስ» ካለች፣ ከስሙ ኋላ አንዲት ትንሽ አበባ አደርጋለሁ። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ የምትወጣ የድሮው ፊደል ጌጥ ነበረች። ሰኞ ሰኞ በአበባዋ ፈልጌ ዝርዝሩን ለሲስተር እሰጣለሁ፤ እሷ ለእናቶቹ ትደውላለች።

አቶ ይርጋ ባዩዋት ቁጥር «ጥሩወርቅ፣ ይህ ካርድ ክፍል ነው ወይስ ጥልፍ ቤት?» ይሉኛል።

ቤዛ «እትዬ፣ ከፊደልና ከቁጥር ሌላ የሚጠቀሙበት ምልክት አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ አቶ ይርጋ በሩ ላይ ቆመው ነበር። አፈርሁ።

«የለም» አልሁ።

ሥራው አለቀ። ስሞቹ በየማሽኑ ላይ ጥርት ብለው ተነበቡ። ሲስተር «ማሽኔም አማርኛ ለመደ» አለች። በሚቀጥለው ሰኞ አበባዋን ብፈልግ ምንም የለም። ሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ ስላልተሰጣት ፕሮግራሙ ጥሏታል።

ያኔም አልተናገርሁም። ሁለት ሰኞ ዝርዝሩን ከትዝታዬ እየጻፍሁ ሰጠሁ።

በሦስተኛው ሰኞ ሲስተር ወረቀቱን ይዛ ቆመች። «የዘንዘልማዋ የስንዱ ልጅስ? ጣቴን ይዞ አልለቅ ያለው ማሙሽ?»

ረስቼዋለሁ። ሁሉንም በአቶ ይርጋ ፊት ነገርኋት።

«በአበባዋ ያሳፈርሁሽ እኔ ነኝ» አሉ አቶ ይርጋ፣ ቤዛንም ራሳቸው ደውለው ጠሩ።

ቤዛ የድሮውን ቅጂ አስቀምጣው ኖሮ አበቦቹን በአንድ ጠዋት መለሰቻቸው። በአዲሱ ፕሮግራም ላይም «ክትትል» የሚል የራሳቸውን ቦታ ሠራችላቸው። አልተቆጣችም። «ከዚህ ወዲያ ስጠይቅ አበባውንም ያምጡልኝ፣ እትዬ» ብቻ አለችኝ።

ልጆቹ አሥራ አንድ ነበሩ። አሥሩን አስታውሼ ነበር፤ አሥሩም መጥተው ታዩ። የስንዱ ስልክ ግን ዝግ ነው። ዘንዘልማ ሄድሁ። ተከራይታበት የነበረው ቤት ፈርሶ አዲስ መሠረት ተቆፍሯል። አንዲት ጎረቤት «ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሐይቁ ወረዱ፤ በጀልባ ማዶ ተሻግረው ይሆናል» አለችኝ። እስኪመሽ ውሃው ዳር ቆሜ ማዶ ማዶውን አየሁ።

የምትሠሩበት ፕሮግራም ሲለወጥ ልማዳችሁን ሁሉ ለሚለውጠው ሰው ንገሩ፤ የሚያሳፍራችሁንም ጭምር።

ስንዱ ቀጠን ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ልጁ አሁን ስም ሳይወጣለት አይቀርም፤ እኔ አላውቀውም። የት እንዳሉ የምታውቁ፣ ልቡን የሚያዳምጥለት ሰው አግኝቶ እንደሆነ እባካችሁ ንገሩኝ።