የዘርትሁን ሳንባ

የጋሼ በላይ ልጅ የኋላሸት ሸዋ ሮቢት ውስጥ የምትታወቀው “ዶክተሯ” በሚል ስም ነው። ዶክተር አይደለችም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው ራዲዮግራፊ ነው፤ በአገርኛው ራጅ ማንሳት። አባቷ ግን መስኖ ዳር ሽንኩርታቸውን ሲኮተኩቱ ለሚያገኙት ሰው ሁሉ፣ “ልጄ ሰው ሳትቀድ ሆዱን የምታይ ሐኪም ናት” ይሉ ነበር። እሷም አንድ ቀን አላረመቻቸውም።

በትምህርቱ ጎበዝ ነበረች፤ ይህን አልነፍጋትም። መምህራቸው፣ “ሴት ስታነሱ ሹሩባዋን ወደ ላይ አስጠቅልሉ። ትከሻዋ ላይ ከወደቀ ፊልሙ ላይ ጥላ ይሆናል፤ ጤነኛዋን የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ታደርጓታላችሁ” ያላቸውን ከሷ በኋላ ለመጡት ተማሪዎች ሳይቀር ታስረዳ ነበር። ተመርቃ ጥቂት እንደሠራች ወደ አንድ ዓረብ አገር ሄደች። የተቀጠረችው ለመኖሪያ ፈቃድ የሚመጡ ሠራተኞች በሚመረመሩበት ማዕከል ነው። እዚያ ሳንባው ላይ ጥላ የታየበት ሠራተኛ አቤት የሚልበት የለም፤ በመጣበት ይመለሳል።

ገና እንደገባች ሰሞን አንዱ ጸሐፊ ፓስፖርቷን አይቶ፣ “ከእናንተም ራጅ የሚያነሳ አለ እንዴ? እኔ ቤት ያለችው ያገርሽ ልጅ ሽንት ቤት ነው የምታጥበው” ብሎ ቢሮውን ሁሉ አሳቀባት። ሰውየውን ብትሰድበው አንጀቴ በራሰ። እሷ ግን ቂም የያዘችው በዚያች ሽንት ቤት አጣቢ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ቦታዋ ላይ አማርኛ ከአፏ አልወጣም። በኤጀንሲ መኪና ታጭቀው የሚመጡት ያገሯ ልጆች “ሐበሻ ነሽ?” ሲሏት ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች።

በ2004 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ አንድ ረፋድ ከእነዚያ ልጆች ጋር ዘርትሁን መጣች። ቀጠን ያለች፣ ሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለው የቀወት ገጠር ገበሬ ልጅ ናት። እናቷ እትዬ ዘነበች በገበያ ቀን ማሽላ በአህያ ጭነው ሲመጡ አህያቸውን የሚያስሩት እነ የኋላሸት ግቢ ነው። ሁለቱ ልጆች ተያይተው አያውቁም፤ የኋላሸት ግን ስሟን ስትሰማ ቀና ብላ አየቻት። ቁርጥ እናቷን።

“እትዬ፣ ያገሬ ሰው አይደሉም?” አለች ልጅቷ ፊቷ በርቶ። “ቋንቋው አልገባኝ ብሎ ተቸገርኩ እኮ፤ ምን ላድርግ?”

የኋላሸት ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስባ እንድትይዝ በዓረብኛ አዘዘቻት። ልጅቷ ራስሽን ግለጪ የተባለች መሰላትና ሻሿን ፈታች። ለመንገዱ የተሠራችው ቅባት የጠገበ ወፍራም ሹሩባ ትከሻዋ ላይ ወረደ። “ጠቅልዪው” ማለት ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱም ካቃተ በእጅ ማንሳት። ነገር ግን አለቃዋ ሐምዛ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ ነበር። ከአንዲት ገረድ ጋር ስትነካካ እንዲያያት አልፈለገችም፤ ማሽኑን ተጫነችው።

ምስሉ ሲወጣ ከቀኝ ሳንባዋ አናት ላይ ጥላ ተጋድሟል። የፀጉር መሆኑን ወዲያው አወቀች። ደግሞ ማንሳት ይቻላል፤ ሐምዛ ግን “ለምን?” ብሎ ይጠይቃል። “አልገባትም” ብትለው፣ “ታዲያ በቋንቋችሁ አትነግሪያትም?” ማለቱ አይቀርም። ይህችን ጥያቄ ፈርታ ምስሉን ላከችው። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ልጅቷን አላያትም፤ ያየው ጥላውን ነው፤ ያየውን ጻፈ።

ከሰዓት በኋላ የማዕከሉ ዘበኞች ወደ አገሯ ሊመልሷት ሲጎትቷት ዘርትሁን በሩን ይዛ ጮኸች። “እትዬ፣ በማርያም! አስሎኝ አያውቅም ይበሉልኝ!”

የኋላሸት ወደ ሰልፉ ዞረችና በዓረብኛ “ቀጣይ” አለች።

በዓመቱ ለእረፍት ሸዋ ሮቢት መጣች። መምጣቷን የሰሙት እትዬ ዘነበች ልጃቸውን ከአጥሩ ውጭ አቁመው ብቻቸውን ገቡ። ዘርትሁን የሰው ቤት መግባት ትታለች።

“ጤና ጣቢያው አክታዋን አይቶ ንጹሕ ናት ይለናል” አሉ። “የውጭ አገር መሣሪያ ያየውን እነሱ ምን ያውቃሉ ብለን ኩባያዋን ለየን፤ ከፍየሎቹ ጋር ነው የምትተኛ። ሽማግሌ ልከውላት የነበሩትም ቀሩ። አንቺ እዚያው ነሽ፣ ልጄ፤ እውነቱን ንገሪኝ። መሣሪያው ይሳሳታል?”

ጋሼ በላይ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ፤ ልጃቸው ስለ ሥራዋ ስታወራ መስማት ይወዳሉ። የኋላሸት አባቷን አየች። ይሳሳታል ካለች፣ ማን ነው ያሳሳተው መባሉ ነው።

“አይሳሳትም፣ እትዬ” አለች። “ለይታችሁ በመያዛችሁ ደግ አድርጋችኋል።”

ድምጿን የሰማችው ዘርትሁን በአጥሩ ክፍተት አሻግራ አየቻትና ክው አለች።

“ለካ አማርኛ ትችያለሽ!” ብላ ጮኸች። “እናቴ፣ እሷ ናት! ያነሳችኝ እሷ ናት! ለምኛት ዝም ያለችኝ!”

“ዝም በይ፣ አንቺ ባለጌ! የተማረ ሰው እንዲህ ይባላል?” አሉ እትዬ ዘነበች በድንጋጤ ተነሥተው። ወደ የኋላሸት ዞረው እጅ ነሱ። “ይቅር በያት፣ ልጄ። በሽታው ነው የሚያናግራት።”

“ግድ የለም፣ እትዬ። አንዳንዱን ጭንቅላቱንም ይነካዋል” አለች የኋላሸት።

ጋሼ በላይ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። እትዬ ዘነበችም የምታለቅስ ልጃቸውን ከፊት አስቀድመው፣ ትንፋሿ እንዳያገኛቸው ራቅ ብለው እየተከተሉ ወደ መንደራቸው ሄዱ።