በአንድ ዓይን የተሣለችው ባልቴት

በባዕድ አገር ከተማ መሃል፣ ሚድታውን በሚባለው ሰፈር ወዳለው ሙዚየም ሐሙስ ሐሙስ የሚመጡ አንዲት አሮጊት አሉ። የሙዚየሙ ጥበቃ ዳኛቸው ስማቸውን አያውቅም። ከጥቁር ቀሚሳቸው ሥር ነጭ ስኒከር ይጫማሉ፤ ነጠላቸው ግን ሁልጊዜ የፊታቸውን ግራ ወገን እንደሸፈነ ነው። ሌላውን ሥዕል ሁሉ አልፈው የሚቆሙት ከአራት መቶ ዓመት በፊት ከተሣለች ባልቴት ፊት ነው። ባልቴቷ ወደ ጎን ዞራ መጽሐፍ ታነባለች፤ የሚታየው የቀኝ ፊቷ ብቻ ነው።

«እማማ፣ ወንበር ላምጣልዎት?» አላቸው ዛሬ።

«ተወኝ ልጄ። ምን በድላ ነው በአንድ ዓይን የሣሏት?»

ዳኛቸው ወዲያው ገባው። በአገር ቤት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው።

«እዚህ እንደዚያ አይደለም፣ እማማ። ፈረንጆቹ ደጉንም ሰው ወደ ጎን አዙረው ይሥላሉ።»

አሮጊቷ የባልቴቷን እጅ አተኩረው አዩት። ጅማቱ የተገታተረ እጅ ነው፤ የመጽሐፉን ገጽ የሚነካው ግን የሕፃን ጉንጭ እንደሚዳስስ ሆኖ ነው።

«እኔስ ብዬ ነበር፤ ይህ እጅ ክፉ አልሠራም» አሉ።

ከዚያ ነጠላቸውን ቀስ አድርገው ገለጡ። አሮጌ የእሳት ጠባሳ ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው ወርዷል፤ በመሃሉ ዓይናቸው ጥርት ብሎ ያበራል። ዳኛቸው ከተደገፈበት ግድግዳ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

እሳቸው ግን የሚያናግሩት ባልቴቷን ነበር።

«በይ፣ ያላሳዩልሽ ግራ ወገንሽ ይኸውልሽ።»