ለቡፌ የተለካው ፉርጎ

የዘርአጽዮን አንድ ቀን በርካሽ አያልፍም። ከሰፈራችን ከአያት ኦሎምፒያ ታክሲ ደርሶ መልስ መቶ ሃያ ብር፣ ምሳ ሁለት መቶ፣ ማኪያቶ ስልሳ። እስከዚህ እንደ ማናችንም ነው። ማታ ግን መንገዱን አጣሞ በጎሮ በኩል ይመጣል። እዚያ ያገለገለ መጫወቻ በኪሎ የሚሸጥ ሰውዬ አለ። ዘርአጽዮን ከነከረባቱ የሰውዬው ጆንያ ፊት ቁጢጥ ብሎ ቀይ ሌጎ፣ ያን የሚገጣጠም የፕላስቲክ ጡብ፣ ይለቅማል፤ ለአንድ እፍኝ የምሳውን እጥፍ ከፍሎ ይነሳል። ልብ በሉ፣ የአርባ ዓመት ሰው ነው። ሥራው ትራንዚተር፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ሲያስወጣ ይውላል።

ይህን ሁሉ የማውቀው በአንድ ኮሪደር ስለምንኖር ነው። ሚስቱ ሄርሞን ከሥራ እስክትገባ ልጃቸው ረሆቦት ከእኔው ልጅ ከአብኔዘር ጋር እኔ ቤት ትቆያለች።

ሌጎው መጀመሪያ የማን ነበር? የረሆቦት። አምስት ዓመት ሲሞላት አክስቷ የላከችላት ስጦታ ነው። አባቷ «ቆይ ላሳይሽ» ብሎ ተቀበላት። ይኸው እስከ ዛሬ እያሳያት ነው።

የሚሠራው ካቡስ የሚባል ነገር ነው። ድሮ በአሜሪካ ከጭነት ባቡር ጭራ ላይ የሚቀጠል፣ ጠባቂዎቹ የሚያድሩበት፣ ቤት የሚመስል ቀይ ፉርጎ። እኔ በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ እሱም አላየውም፤ ያሳየው ዩቲዩብ ነው። የከተማው ባቡር በአጠገቡ ሲያልፍ ዞር ብሎ የማያይ ሰው ለማያውቀው ባቡር ጭራ ይሠራል።

እጁን ግን አልሰድብም። ውስጡ ከጥቁር ሌጎ የተሠራ ምድጃ አለ፤ በሩ ይከፈታል። አልጋ አለ፣ መሰላል አለ። የፍሬኑ መሪ ከጆሮ ጌጥ ያንሳል። ከጣሪያው በላይ ጠባቂው ባቡሩን አሻግሮ የሚያይባት ባለመስኮት ማማ ተቀምጣለች። ያንን ምድጃ ሲሠራ በሰነበተበት ጊዜ የገዛ ቤቱ ምድጃ ተበላሽቶ ሄርሞን እኔ ቤት ነበር ወጥ የምትሠራው።

ፉርጎው የጎደለው ሰው ብቻ ነው። ረሆቦት ፀጉሯ የጠፋባት አንዲት የሌጎ ሴትዮ አለቻት፤ ፈለቀች ብላታለች።

«አባዬ፣ ፈለቀች ትግባና ትተኛ።»

«ጣሪያው በማጣበቂያ ተጣብቋል።»

«ለምን አጣበቅከው?»

«እንዳይነካካ።»

ያለቀ ዕለት የት ገባ? ቡፌ ውስጥ ነዋ፤ ሄርሞን አንድ ቀን እንኳ ካልጠጣችበት የሰርጋቸው ብርጭቆ ጎን። ቆለፈበትና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ልጅቷ መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን ደፍጥጣ አልነሳ ስትል ጊዜ ቃል ገባላት። «ለገና ቦሌ አንድ ሞል ውስጥ የመጫወቻ ሐዲድ ይዘረጋል። አንድ ዙር ይዙርና ከዚያ ያንቺ ነው» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ረሆቦት ጠዋት ማታ «ገና ደረሰ?» እያለች ታደርቀኝ ጀመር።

ደረሰ። ሁላችንም ሄድን። እሱ ፉርጎውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ፣ እኛ ልጆቹን እየጎተትን። ሐዲዱን የዘረጋችው ሸይማ የምትባል መጫወቻ ነጋዴ ናት። ሐዲዱ የእሷን ትንሽ ባቡር በገና ዛፉ ዙሪያ፣ በፕላስቲክ ድልድይ ሥር ያስኬደዋል። ፉርጎውን አየችና ከንፈሯን አጣመመች።

«ወንድሜ፣ ይሄ ቁመቱ አልበዛም? ለክተኸዋል?»

«በሚገባ።»

«ድልድዩን?»

የመለሰችላት ሄርሞን ናት። «ቡፌውን» አለች።

እውነቷን ነው። ቁመቱን የወሰደው ከቡፌው መደርደሪያ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ሞላ ብሎ እንዲታይ። ዓመት ሙሉ ፉርጎ ሲሠራ አንዲት ክንድ ሐዲድ አልገዛም። ሰው ለመሄድ የሚሠራውን ነገር ለመቆም ለክቶ ይሠራል? የእኛ ሰው ይሠራል። ስንቱ ቤት ስንት የማይነካ ነገር ተቆልፎ እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ።

«ግድ የለሽም፣ አስነሺው» አላት።

ከባቡሯ ጭራ ቀጥላ አስነሳችው። ሕፃናቱ አብረውት ሮጡ። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ማማዋ ገጨች፣ ጣሪያው ከነማጣበቂያው ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ባቡሩም ቆመ።

«በጋ ነው፣ አይዘንብበትም» አለች ሄርሞን።

ረሆቦት የአባቷን ሱሪ ያዘች። «አሁን የኔ ነው?»

«ዙሩ አላለቀማ፣ ረሆቦትዬ።»

ይህን ጊዜ እኔ አልቻልኩም። «የረሆቦት አባት፣ ከስድስት ዓመት ልጅ ጋር ነው የምትከራከረው? ጉምሩክ መሰለችህ?» አልኩት።

ልጅቷ ግን እኛን አልጠበቀችም። ፈለቀችን ከኪሷ አወጣች፣ በተከፈተው ጣሪያ አግብታ አልጋው ላይ አጋደመቻት። ልክክ አለች። «ተኝታለች፣ ቀስ አድርጊው» አለቻት ሸይማን።

ጣሪያ የሌለው ፉርጎ በድልድዩ ሥር ሳይነካ አለፈ። ዛፉን ዞረ፣ ተመልሶ መጣ። ዘርአጽዮን በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ከነሙሉ ልብሱ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ አልጋው ላይ የተጋደመችውን መላጣ ሴትዮ ያያል። «ልድገመው?» አለችው ሸይማ። ከወለሉ ሳይነሳ በእጁ ድገሚው የሚል ምልክት ሰጣት።

ከዚያ ወዲህ ወደድኩት አልላችሁም፤ የቤቱን ምድጃ ገና አላሠራም። ፉርጎው ግን የረሆቦት ሆኗል፤ ቡፌው ውስጥ ቦታው ባዶ ነው። ጣሪያውንም መልሶ አልገጠመውም። ሰው ይማራል ብዬ ተስፋ ማድረግ አልተውኩም።

ይህን እንደምጽፍ ሲሰማ ደጄ ድረስ መጣ። «የአብኔዘር እናት፣ ስሜን ጻፊ፤ የጣሪያውን ነገር ግን ተይልኝ» አለኝ። እንዳነበባችሁት አልተውኩትም። ቀጥሎ የነገረኝን ግን በራሱ ቃል አደርስለታለሁ፦ «ቡፌ ውስጥ የቆለፋችሁት የመጫወቻ ሐዲድ ካላችሁ፣ እባካችሁ አውጡትና አያት ድረስ አምጡልን፤ በውሰትም ይሁን። ፈለቀች መሄጃ የላትም።»